ስምንት ንጣፍ

ሰኞ፤ 56 ቀን

ከዛሬ ጀምሮ ከቀኑ ስም አጠገብ ቁጥር እጽፋለሁ። መርማሪው እስኪመጣ የቀረን ቀን ነው። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ የጥንካሬ ሒሳብ ያልተሠራለት፣ የብቃት ወረቀት የሌለው ትንሽ ጀልባ አይሸጥም። ክፉ ዜና አልመሰለኝም። ሌሎቹ ሲዘጉ ገበያው ለኛ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ነጋዴ ነኝና መጀመሪያ የሚታየኝ ይኼ ነው።

ሥራውን የተካፈልነው ስንጋባ ነው። እኔ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ፣ እከራከራለሁ። ባለቤቴ ይሠራል። እንጨቱን ትተን ወደ ፋይበር ከገባን አሥራ ሁለት ዓመታችን፤ እስካሁን 143 ቀፎ አውጥቷል። ቀፎ የምንለው ሞተርና ወንበር ያልገባለትን ባዶ የጀልባ ገላ ነው። የፋይበር ጨርቁ የጀልባ ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ ይነጠፋል፣ ሙጫ ይጠጣል፣ ሌላው በላዩ ይነጠፋል። ለሆዱ ስምንት ንጣፍ። ሲደርቅ ዘጠኝ ሚሊ።

ደብዳቤውን ሳነብለት ሳቀ። «ወረቀት ውኃ ሲነካው ይበሰብሳል» አለና በጣቱ አንጓ ቀፎውን ኳ ኳ አደረገው። ከዚያ ጆሮውን ይዞ አሳየኝ። «የኔ ወረቀት ይቺ ናት፣ ነጋዴዋ።»

እውነቱን ነው። ቀፎ አንኳኩቶ ውፍረቱን ሲናገር በግማሽ ሚሊ እንኳ ስቶ አያውቅም።

የሸሚዙ ግራ እጅጌ ዛሬም በእርሳስ ተጫጭሯል። ትናንሽ ቁም መስመሮች። አይለቅም። ወረቀት ጠፍቶ ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁት።

ረቡዕ፤ 54 ቀን

የጥንካሬ ሒሳቡን የምትሠራልን መሐንዲስ መጣች። ቀጭን ልጅ ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። ሜትር፣ ሚዛን፣ ካሜራ። ሁለት ጊዜ ጫማዋ ሙጫ ላይ ተጣበቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጫማውን ይቅርታ ጠየቀችው። ወደድኳት።

ዓርብ፤ 52 ቀን

ሒሳቡን አስረዳችኝ። ጀልባ በፍጥነት ሲሄድ ከማዕበል ላይ ይወድቃል፤ ውኃው ከሥር በቡጢ ይቀበለዋል። ቡጢው ምን ያህል እንደሆነ ከክብደቱ፣ ከፍጥነቱ፣ ከርዝመትና ከስፋቱ ይወጣል። ቀፎው ውስጥ የጎድን አጥንት የምንላቸው አግዳሚዎች አሉ። በሁለት ጎድን መሃል ያለው ባዶ ሜዳ ሲሰፋ ሆዱ መወፈር አለበት፤ ሲጠብ ግን ቀጭኑም ይችላል። የኛ ሜዳ አርባ ሳንቲ ነው። ለአርባ ሳንቲ 8.4 ሚሊ ያስፈልጋል።

«የኛ ዘጠኝ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው አለፉ፣ እትዬ። ማስረጃ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ብስኩቶቹን አሳየኋት። እያንዳንዱ ጀልባ ሆዱ ላይ የዓሣ ማቆያው ገንዳ ውኃ የሚስብበት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሲወጣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታህል ክብ ቁራጭ ትቀራለች። ባለቤቴ አንዷንም ጥሎ አያውቅም። የቀፎውን ቁጥር ይጽፍባትና ቢሮዬ ግድግዳ ላይ በሽቦ ይሰካታል። ብስኩት ያላት እሱ ነው። ልጅቷ ሽቦውን ስታይ ዓይኗ በራ። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ሠሪ አጋጥሟት አያውቅም። ካለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት መርጬ እንድልክላት ነገረችኝ።

ቅዳሜ፤ 51 ቀን

ከመላኬ በፊት ራሴ ልለካቸው አልኩ። ሳልለካ ያወጣሁት ዕቃ የለም።

ከ1 እስከ 117፣ ዘጠኝ። አንዳንዱ 8.9፣ አንዳንዱ 9.1። እንደ ወታደር ቆመዋል።

118፣ 7.9።

የውፍረት መለኪያው ካሊፐር ተበላሸ ብዬ ወደ 40 ተመለስኩ። ዘጠኝ ነው። ወደ 118 መጣሁ። 7.9።

121፣ 6.8። ቀጥሎ ጥቂት ደህና። እንደገና ቀጭን። እስከ መጨረሻው ድረስ ዘጠኝ ቀጫጭን ብስኩቶች አገኘሁ። የባሰው 131 ነው፤ 5.6። አምስት ንጣፍ።

በዓይን ወፈር ያሉትን ጥቂቶች ሳልለካ ለብቻ አስቀመጥኳቸው። ወፍራም አያሳስብም።

ሰኞ፤ 49 ቀን

ጨርቅ እየተሰረቀ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ፎርማው ጋ የሚደርሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ባለቤቴና ረዳቱ ሙጫው። ሙጫው ያልነው ሙጫ ስለሚበጠብጥም ነው፣ ከባለቤቴ ስለማይላቀቅም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮን ሠርቷል። ቢሮ ጠርቼ 131ን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

ብስኩቷን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ «እኔ ነኝ እትዬ» አለ።

«ለማን ነው የሸጥከው?»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ። ለጋሼ ግን አይንገሯቸው።»

ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ነገርኩት። ሲወጣ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመና «ጋሼን ሥራ ላይ ሲሆኑ ብቻቸውን አይተዉዋቸው» አለኝ። ሌባ ደግሞ ምክር አለው አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ፤ 48 ቀን

ለመሐንዲሷ 136፣ 139 እና 142ን ላክሁ። ሦስቱም ዘጠኝ ናቸው። ውሸት አልላክሁም። የሌሉ ብስኩቶች አይደሉም።

ሐሙስ፤ 46 ቀን

ደወለች። ሒሳቡ አልፏል፣ ፈርማበታለች። «ባለቤትዎ እጃቸው ማሽን ነው» አለችኝ። አመሰገንኳት።

ባለቤቴ ጠዋት «ሙጫው የት ሄደ?» አለኝ። እናቱ ታማበት ነው አልኩት። «ምስኪን፤ እግዜር ይማራት» አለ። ከምሳ በፊት «ሙጫው የት ሄደ?» አለኝ። ነገርኩት። «ምስኪን፤ እግዜር ይማራት» አለ። ከምሳ በኋላም ጠየቀኝ።

ሥራ በዝቶበት ነው።

እሑድ፤ 43 ቀን

ግቢው ባዶ ነበር። ወፍራሞቹን ብስኩቶች ዛሬ ለካኋቸው። ሦስት ናቸው። 127፣ 11.2 ሚሊ። አሥር ንጣፍ።

ሌባ አይጨምርም።

ካሊፐሩን እንደያዝኩ ተቀምጬ ቀረሁ። ከዚያ የመጋዘኑን ወረቀት ሳገላብጥ፣ ለካስ ጨርቅ አልጎደለም። ተርፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲተርፍ አይቻለሁ። «ባለቤቴ ቆጣቢ ሆነ» ብዬ ለእህቴ ጉራ ነዝቻለሁ። የተረፈውን ሁለት ጥቅል ለጎረቤቱ ገንዳ ሠሪ ስሸጥ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድም ቀን ከየት ተረፈ አላልኩም።

ሙጫው ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማ ይሰፋል። ሲያየኝ ተነሣ።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አልኩት።

«ምን ልበል እትዬ? ጋሼ ቁጥር ይጠፋባቸዋል ልበል? ፊትዎ ቆሜ?»

«መቼ ጀመረ?»

«ሁለት ዓመት ይሆናል። ሰው ያናግራቸዋል፣ ወይ ስልክ ይጠራል፤ ሲመለሱ የስንተኛው ላይ እንደነበሩ ይጠፋቸዋል። አንዳንዴ ይዘላሉ፣ አንዳንዴ ይደግማሉ። እኔ ካለሁ በዘዴ እነግራቸዋለሁ። ሙጫ ልበጠብጥ ጓሮ ስሄድ ነው የሚያመልጠኝ። 131 ላይ ሦስት ቀን ታምሜ ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ቀደመኝ። «ይተዉት። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከእንጀራቸው ከሚነሡ እኔ ሌባ ብባል ይቀለኛል።»

ነገ ና አልኩት። ሰው የማሳምንበት አፌ የት እንደገባ እንጃ።

ሰኞ፤ 42 ቀን

ሙጫውን ጓሮ እንዲቆይ ነግሬ፣ ወረቀት ይዤ ፎርማው አጠገብ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ 144ን ጀመረ።

የሱን ሥራ ቁጭ ብዬ ካየሁ ስንት ዓመቴ ነው? ጨርቁን እንደ ሕፃን ልጅ አልጋ ያነጥፈዋል። ሮለሩን ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል፣ አንድ የአየር አረፋ አትቀርም። ጎንበስ ብሎ በአግድም ያያል። ከዚያ ከጆሮው ሥር እርሳሱን ያወጣና ግራ እጅጌው ላይ አንዲት መስመር ያሰምራል።

እጅጌው።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛውን ጨርሶ እርሳሱን ሊያወጣ ሲል በሩ ተንኳኳ። ዕቃ ያመጣ ሹፌር ነበር፤ የት ላራግፍ አለ። ሄዶ አሳየው፣ ተሳሳቁ፣ ተመለሰ። እጅጌውን አየ። ሙጫ ነክቶት ኖሯል፤ መስመሮቹ ተዋውጠው አንድ ጥቁር ነጥብ ሆነዋል።

ቆመ። ፎርማውን አየ። የጨርቁን ጠርዝ በጥፍሩ ነካካው። ከዚያ እኔን አየኝና ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ገበያ ላይ ዋጋ የጠፋበት ሰው ጊዜ ሲገዛ የሚያሳየው ነው።

«ሻይ አለ እንዴ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት። ከወረቀቴ ቀና ሳልል፣ ለራሴ እንደማወራ ሆኜ «አራተኛው ግን እንዴት ቆንጆ ወጣ» አልኩ።

ወደ ፎርማው ዞረ። «አዎ። አራተኛው» አለ። ንጹሑን የእጅጌ ጫፍ ፈልጎ አራት መስመር አሰመረ።

እስከ ስምንተኛው ድረስ እንዲህ አደረግን። አምስተኛውን «ይሄ ከአራተኛው ይበልጣል» አልኩ። ሰባተኛው ላይ «አንድ ብቻ ቀረህ፣ ከዚያ ምሳ» አልኩ። እሱም «ዛሬ ምን ነካሽ? ገበያ የለሽም?» አለኝ።

ለወራት ስለ እጅጌው ስቆጣው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት «እንደ ሕፃን ልጅ ልብስህ ላይ ትጽፋለህ?» ብዬዋለሁ። ሙጫው ይሰማ ነበር። ባለቤቴ እጅጌውን ጠቀለለ።

ረቡዕ፤ 40 ቀን

ዋናተኛው መጣ። ስሙን ያወጣንለት ዋና ስለማይችል ነው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ 131 የሱ ጀልባ ናት። ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ ገመድ ሊገዛ ነው የመጣው። ትንሿ የሕይወት ጃኬቷን እንደለበሰች ሱቁ ውስጥ ትሽከረከራለች።

«ዋና ተማርክ?» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

«የናንተ ጀልባ እያለችልኝ ዋና ምን ያደርግልኛል?»

ገመዱን ለክቼ ሰጠሁት። መልሱን ሰጠሁት። እስከ በሩ ሄደ። ልጅቷ እጇን አወዛወዘችልኝ።

«ቆይ!» አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሦስቱም ደነገጡ። «ጀልባዋን ዛሬውኑ ወደዚህ አምጣት። ዛሬ እንዳትወጣ።»

«ምነው? ምን ሆነች?»

«አምጣት ብዬሃለሁ። ትቀየርልሃለች።»

ከሰዓት በኋላ በተጎታች አመጣት። እስኪመጣ ድረስ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር።

ሐሙስ፤ 39 ቀን

የሽቦውን ብስኩት በሙሉ ይዤ መሐንዲሷ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። ቀጫጭኖቹን አንድ በአንድ ለካች። ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«እነዚያን ሦስቱን ለምን መረጡልኝ?»

«ነጋዴ ነኝ፣ ልጄ። ቅርጫቱ ላይ ከላይ የሚቀመጠው የማያሳፍረው ነው።»

«እኔ እኮ ስሜን ፈርሜበታለሁ፣ እትዬ።»

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። የፈረመችበትን ወረቀት አውጥታ ለሁለት ቀደደችው። ከዚያ፣ ውጪ ትለኛለች ስል፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ማስላት ጀመረች። በየሁለቱ ጎድን መሃል አንድ ጎድን ቢጨመር ሜዳው ከአርባ ወደ ሃያ ሳንቲ ይወርዳል። ያኔ የሚፈለገው ውፍረት 4.2 ይሆናል። ደንቡ ግን ከስድስት ሚሊ በታች በምንም መንገድ አይፈቅድም። ስምንቱ ይድናሉ። 131 አትድንም፤ ትቆረጣለች።

«ደጋፊው ሲቀርበው ቀጭኑም ይችላል ማለት ነው?» አልኩ።

«ሒሳቡ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ማን እንደሠራቸው ልትጽፍ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሒሳቡ ስንት ሚሊ ነው እንጂ ማን ነው አይልም» አለች። አንድ ግዴታ ግን አስገባችብኝ፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ንጣፍ በተነጠፈ ቁጥር ሁለት ሰው ይፈርማል።

ረቡዕ፤ 33 ቀን

ባለጀልባዎቹን ጠርቼ ጨረስኩ። ለሁሉም የነገርኳቸው አንድ ነው፦ እኔ ረከሰ ብዬ የገዛሁት ጨርቅ ቀጭን ሆኖ ተገኘ፤ ጎድን እንጨምራለን፤ ለዋናተኛው አዲስ ቀፎ እንሰጣለን።

አንዱ «ስስትሽ ሰው ሊያስበላ ነበር» አለኝ። ሌላው «ባልሽ ባይኖር ኖሮ ይሄኔ ዓሣ በልቶን ነበር» አለ። እውነት ነው አልኩት። ገበያ ውስጥ ስሜን ለማቆም ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። ለማፍረስ ከሰኞ እስከ ረቡዕ በቃ።

ይሁን። የኔ ስም ይጠገናል።

ዓርብ፤ 31 ቀን

ባለቤቴ ሰማ። በሩ ላይ አንዱ ባለጀልባ ነግሮታል። ቢሮዬ ገባ፤ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«ሰው ነፍሱን የሚጥልበት ነገር ላይ ሰሰትሽ?»

«ተሳሳትኩ።»

«በጨርቅ? አንቺ? እኔ ስምንት ንጣፍ እያነጠፍኩ አንቺ ከሥሬ ታቀጥኚዋለሽ? እኔ እኮ ጆሮ አለኝ፤ እንዴት...» እዚህ ላይ ቆመ። እንዴት ሳይሰማው እንደቀረ ሊጠይቅ ነበር። ጥያቄው ከፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ፈራሁ። «አላናግርሽም» ብሎ ወጣ።

ተመስገን አልኩ።

ማክሰኞ፤ 27 ቀን

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ትናንት ጠዋት ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ነጋዴዋ፣ ምነው ከፋሽ?» አለኝ። ቁጣውን ረስቶታል።

እንዳኮረፈኝ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፤ 26 ቀን

ሐኪም ዘንድ ሄድን። የተባለውን እዚህ አልጽፍም።

ሰኞ፤ 14 ቀን

ስምንቱም ጎድናቸው ገባ። ሙጫውና ባለቤቴ ጎን ለጎን ሠሩት። በየንጣፉ ሙጫው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ባለቤቴ «ምነው አስተማሪ ሆንክ?» እያለ ያፌዝበታል። ሙጫውም «መሐንዲሷ አዝዛኝ ነው ጋሼ፤ እምቢ ካልኩ ትቀጣኛለች» ይላል። ሁለቱም ይፈርማሉ። የባለቤቴ ፊርማ አሁንም ቆንጆ ነው።

ሸሚዞቹን ሁሉ በነጭ ቀየርኩለት። እርሳስ በደንብ እንዲታይ።

ሰኞ፤ 0

አለፍን። መርማሪው ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆየም። ወረቀቱ ማኅተም አለው። ግድግዳው ላይ፣ ከሽቦው ጎን ሰቀልኩት።

ማክሰኞ

131 ልትቆረጥ ጓሮ ተገልብጣ ተቀምጣለች። ሠራተኞቹ መቁረጫ ማሽኑን ሊያመጡ ሄደው ነበር። ስመጣ ባለቤቴ አጠገቧ ቁጢጥ ብሏል። ብዙ ጊዜ የቆየ ይመስላል። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርጋታል፣ ይሰማል፣ እጁን ትንሽ ያሳልፋል፣ እንደገና ኳ ኳ።

«ስስ ናት» አለኝ።

«ጨርቁ ነው» አልኩት። «እኔ የገዛሁት ጨርቅ።»

«ምን ጨርቅ! ጨርቁማ ደህና ነው። ንጣፍ ነው የጎደለው። አምስት ብቻ ነው ያለው፣ ስሚ።» ኳ ኳ አደረገልኝ። ለኔ ያው ኳ ኳ ነው። «ማን ነው የሠራት?»

መዳፉን በጎኗ ላይ እያንሸራተተ እስከ አፍንጫዋ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ጠርዟን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ፊቱ ለስለስ አለ።

«እጁ ግን እንዴት ጎበዝ ነው። አንድ አረፋ የለም። እይው ይሄን መታጠፊያ፤ ይሄንን የሚያወጣ ሰው በዚህ ከተማ ሁለት አይገኝም። እጁ አይደለም የሳተው፣ ልቡ ነው እዚህ ያልነበረ። ማን ነው?»

«አታውቀውም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከጆሮው ሥር እርሳሱን አወጣ፤ ምን ሊያደርግበት እንደነበር ጠፋው መሰለኝ፣ መልሶ ሰካው። ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። ክንዱን ያዝኩት።

«ብታገኚው አትቆጪው» አለኝ።